ታቦቱ፣ ጋሻውና ውጅግራው

የካቲት 23 ማለዳ ፒያሳ ምኒልክ አደባባይ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው መሣሪያ ላይ ነው። ጎፈሬውን ያበጠረ ወጣት የቆዳ ጋሻ በግራ ክንዱ ይዞ ጦር ይሰብቃል። የአንበሳ ጎፈር የደፉ አዛውንት ቀይ ከፋይ በለበሰ አፎት የተከተተ ጎራዴ ታጥቀዋል። ፈረሰኞች በሰው መሐል መንገድ ይከፍታሉ። አልፎ አልፎም አፈሙዙ የዛገ፣ ሰደፉ በሽቦ የተጠፈረ አሮጌ ጠመንጃ ያነገተ ይታያል። ቀረርቶውና ሽለላው ሲጋጋል ከአደባባዩ አጠገብ ካለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ዜማ ይሰማል። ወር በገባ በ23 ሰማዕቱ ይታሰባልና የድሉ ቀንና የቅዱሱ ቀን ሁሌም አብረው ይውላሉ።

ካቴድራሉ ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው። ከአድዋ በኋላ በስምንት ማዕዘን ታነጸ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ግድያ ማግስት፣ ተመልሰው የመጡት ፋሺስቶች በእሳት ለቀቁበት። የተሸነፈ ጦር በቀሉን ለመወጣት ሲመጣ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ብቻ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያንም ማቃጠሉ፣ ኃይሉ የት እንዳለ ያሰበውን ይናገራል።

በዚያ አደባባይ፣ በቡና ቤቱም፣ በታክሲውም፣ ባሕር ማዶ በዋሽንግተን የአበሻ ምግብ ቤቶች ሳይቀር፣ በየዓመቱ አንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ «አድዋን ያሸነፈው ታቦቱ ነው፤ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ወርዶ ተዋግቷል» ይላል። ሁለተኛው «በባዶ እግራችን፣ በጦርና በጋሻ ነው መድፍ የያዘውን ድል የመታነው» ይላል። ሦስተኛው ትዕግሥቱ ያልቅና «ተረት ተዉን! ምኒልክ ጠመንጃ ገዝተው ነው» ብሎ ይቆርጣል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በማስረጃ አይደለም፤ «አንተ ሃይማኖት የለህም»፣ «አንተ ታሪክ አታውቅም» በመባባል ነው።

ሦስቱም የያዙት እውነት አለ። ሦስቱም ግን አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ በዘመቻው ጊዜ በአንድ ሰው ትከሻ፣ በአንድ በቅሎ ጀርባ፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ አብረው የነበሩትን ነገሮች ነጣጥለው አንዱን ብቻ ያነሣሉ።

ወንጌል ይዘው መጥተው መድፍ ያቀለጡ

ነገሩን ለመረዳት ከአድዋ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ይበጃል፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ወዳለችው ጋፋት። በ1850ዎቹ እዚያ የሰፈሩት አውሮፓውያን አብዛኞቹ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። በስዊዘርላንድ ባዝል አቅራቢያ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና የወንጌል ማሠልጠኛ የተላኩ፣ ቃሉን እየሰበኩ በእጅ ሥራቸው እንዲኖሩ የታሰቡ ሰዎች ነበሩ። ቴዎፊል ቫልድማየር ከእነሱ አንዱ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ስብከቱን አልከለከሉም፤ ነገር ግን ከእንግዶቻቸው የፈለጉት ሌላ ነበር።

ብረት የማያቀልጡ ሰዎች ብረት አቅልጡ ተባሉ። ሙከራው መጀመሪያ ከሸፈ፤ ምድጃው አልሞቅ አለ፣ ቅርጹ ተሰነጠቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልተውም አሉ። ከብዙ ድካም በኋላ የመጨረሻውና ትልቁ መድፍ ወጣ፤ ሰባት ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል። ወንጌል ለመስበክ የመጡ ሰዎች ለክርስቲያን ንጉሥ የአገሪቱን ከባድ መሣሪያ ሠሩለት። «ሃይማኖትና መሣሪያ ምን አገናኛቸው» ለሚል ሰው ጋፋት አጭር መልስ ናት።

ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ማድረስ ከመሥራቱ የባሰ ነበር። ጉዞው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ተጀምሮ ወራት ፈጀ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ጎተቱት፤ በዠጣና በበሽሎ ገደል ላይ ድንጋይ እየተፈለጠ መንገድ ተቆረጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ፈለጡ። መድፉ መቅደላ ደረሰ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦርም ደረሰ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ዕለቱ ስቅለት ነበር። የቴዎድሮስ ጦር በእሮጌ ሜዳ በእንግሊዞች ላይ ወረደ። ከላይ ከተተኮሱት ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና ከመጀመሩ ፈነዳ። ከታች ደግሞ በኋላው የሚጎርሰው ሰናድር ጠመንጃ ይጠብቅ ነበር፤ በጦር ሜዳ በሰፊው ሲሞከር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ከኢትዮጵያውያኑ ወደ ሰባት መቶ የሚጠጉ ወደቁ፤ ከእንግሊዞች ወገን የቆሰሉት ሃያ ገደማ ብቻ ነበሩ። የሁለቱም ወገኖች መሪዎች ስቅለትን የሚያውቁ ክርስቲያኖች ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካው ማግስት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሠዉ።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ። ከእሱ የተገኘው ትምህርት ግን ለሁለት ሰዎች ደርሷል። አንደኛው ለናፒየር ጦር መንገድ የከፈቱት የትግራዩ ካሣ ናቸው፤ እንግሊዞች ሲመለሱ መድፎችና ጠመንጃዎች ተዉላቸው። በ1863 ዓ.ም. አሳም ላይ፣ ከአድዋ ብዙ ሳይርቅ፣ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የአፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር በዚያ መሣሪያ ረቱና ብዙም ሳይቆዩ አፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ተዋጊዎቹ ሁለት የተዋሕዶ ልጆች ነበሩ፤ ሃይማኖታቸው አንድ፣ መሣሪያቸው ግን የተለያየ። «ጸሎት ብቻ» የሚለው ወገን አሳምን አንሥቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ሰው ለአሥር ዓመት በቴዎድሮስ እጅ ያደጉት፣ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ያመለጡት ወጣቱ ምኒልክ ናቸው። እሳቸው ሸዋ ከገቡ በኋላ ጋፋትን አልደገሙም፤ መግዛትን መረጡ።

የጥይቱ መንገድ

ጠመንጃና ሃይማኖት በዚህ አገር የተገናኙት በምኒልክ ዘመን አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን ኢማም አሕመድ ከኦቶማኖች ወገን ጠመንጃና ተኳሾች አገኙ፤ አፄ ገላውዴዎስ ደግሞ በ1533 ዓ.ም. ምጽዋ በወረዱት አራት መቶ የፖርቱጋል ነፍጠኞች ታገዙ። እያንዳንዱ ወገን ድሉን ከፈጣሪው አመሰገነ፤ ባሩዱን ግን ሁለቱም ከባሕር ማዶ አስመጡ። ጠመንጃ ሃይማኖት እንደሌለው የዚያ ዘመን ሰዎች ከእኛ ይልቅ ያውቁ ነበር።

በምኒልክ ዘመን የመሣሪያ ንግድ ዋናው መንገድ በታጁራ፣ በኦቦክና ኋላም በጅቡቲ ነው። በ1879 ዓ.ም. ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ በአፋር በረሃ አቋርጦ ሸዋ ከገቡት ነጋዴዎች አንዱ ግጥም መጻፍ ያቆመው ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ ነው። የሞተ ሸሪኩ አበዳሪዎች ከበቡት፤ ንጉሡም ዋጋውን ቆረጡበት፤ አተርፋለሁ ብሎ የመጣው ሰው በእንጦጦ ከስሮ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች፤ ከሷ ጋር የባሕሩ በር መንገድና የቡናው ንግድ ቀረጥም። የጠመንጃው ዋጋ የተከፈለው በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድና በቡና ነው። ስለዚህ በአድዋ የተተኮሰ እያንዳንዱ ጥይት በስተጀርባው ገበሬ፣ አዳኝና ገባር አለ፤ አንዳንዱም በግዴታ የከፈለ ነው። ይህ የታሪኩ ክፍል በአደባባይ አይፎከርበትም።

ከሻጮቹ አንዷ ራሷ ኢጣሊያ ነበረች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ሲፈረም ራስ መኮንን ወደ ሮም ሄደው ብድር ተዋውለው ጠመንጃ ይዘው ተመለሱ። ሮም ወዳጅ ያስታጠቀች መስሏት ነበር፤ በውሉ 17ኛ አንቀጽ ጠብ ሲነሣ ግን መሣሪያው አስቀድሞ እንጦጦ ገብቷል። የአውሮፓ መንግሥታት በ1890 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ ጠመንጃ ለአፍሪካ እንዳይሸጥ ሲስማሙ ኢትዮጵያ ክርስቲያን አገር መሆኗ በዲፕሎማሲው መሐል ይነሣ ነበር። ሩሲያም በዚያው ሰሞን በኦርቶዶክስ ወንድምነት ስም መልእክተኞቿን ላከች፤ በ1895 እ.ኤ.አ. ፊታውራሪ ዳምጠው የመሩት ልዑክ ደግሞ ቤተ ክህነቱንም ጨምሮ ሴንት ፒተርስበርግ ደረሰ። ሃይማኖቱ ራሱ የመሣሪያ በር ማንኳኪያ ሆነ ማለት ነው።

ውጤቱ ምን ነበር? ታሪክ ጸሐፊዎች አድዋ የተሰበሰበውን ጦር ወደ መቶ ሺህ ይገምቱታል፤ ከዚህም ውስጥ ከሰባ እስከ ሰማንያ ሺህ የሚሆነው ጠመንጃ የያዘ ነው። አርባ ያህል መድፍም ነበር፤ በበጅሮንድ ባልቻ የሚመራው የመድፈኛ ክፍል ፈጣን ተኳሽ ሆችኪሶችን ይዟል። የኢጣሊያው አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ያሰለፈው 17,700 የሚጠጋ ሰውና 56 መድፍ ነው። በእጃቸው የነበረውም የጊዜው አዲስ ጠመንጃ አልነበረም፤ የተከማቸው ጥይት ይለቅ ተብሎ አሮጌው ቬተርሊ ታድሏቸው ነበር። «በጦርና በጋሻ ዘመናዊውን ጦር» የሚለው ፉከራ እዚህ ላይ ይሰናከላል። በቁጥርም በጠመንጃም ያየልነው እኛ ነበርን። ይህን ማለት ድሉን ማሳነስ የሚመስላቸው አሉ። በእኔ አስተያየት ግን በቅኝ ግዛት ዘመን ሃያ ዓመት ሙሉ ነጋዴ ከነጋዴ፣ መንግሥት ከመንግሥት እያወዳደሩ ያን ያህል መሣሪያ በበረሃ ማስገባት ከፉከራው የሚበልጥ ጀግንነት ነው።

ችግርም ነበረበት። ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ሰናድር፣ ከኢጣሊያ የመጣ ቬተርሊ ሁሉም በአንድ ሰልፍ ውስጥ ነበሩ፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጥይት ውድ ነበር፤ በገበያ እንደ ገንዘብ የሚመነዘርበት ጊዜም ነበር። ተኳሹ አንድ ጥይት ሲለቅ ከቤቱ ሀብት አንዱን ለቀቀ። ስለዚህ ተጠግቶ መተኮስና ከዚያ በጎራዴ መግባት የጀግንነት ብቻ ሳይሆን የቁጠባም ዘዴ ነበር።

ጎራዴው በቀኝ ጎን

ጦሩና ጋሻውም ቢሆን ጌጥ ብቻ አልነበረም። ጠመንጃ ያልደረሰው በሺዎች የሚቆጠር ሰው የያዘው እሱን ነው፤ ፈረሰኛው የሚሸሸውን ያሳደደውም በጦር ነው።

ሾተል የሚባለው እንደ ማጭድ የጎበጠ ሰይፍ ሌላ ሙግት ያስነሣል። በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን መንገደኞች ለመምዘዝ የማይመች፣ እጀታው የጠበበ፣ ለመመከት የማይሆን ብለው ተሳለቁበት። የእኛዎቹ ተሟጋቾች ደግሞ በዓለም አቻ የሌለው ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ሰይፉን ብቻውን ይዘው ነው የሚፈርዱት። ኢትዮጵያዊው ተዋጊ መከላከያው ጋሻው ነው፤ ሰይፉ እንዲመክትለት አይፈልግም። የጎበጠው ስለት የባላጋራውን ጋሻ ዞሮ ከኋላው ያለውን ትከሻና አንገት እንዲያገኝ ነው የተሠራው። የሚታጠቀውም በቀኝ ጎን ነው። ግራው የጋሻው ቦታ ነውና። ከጋሻው የተለየ ሾተል ግማሽ መሣሪያ ነው፤ በግማሽ መሣሪያ ላይ የሚደረግ ክርክር ሙሉ መልስ የለውም።

«ባህላዊ» የምንለው ጎራዴም የራሱ ጉዞ አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ መኳንንቱ ከታጠቁት ጎራዴ ብዙው ስለቱ ጀርመን ዞሊንገን ውስጥ የተሠራ ነው፤ ላዩ ላይ ሞዓ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ተቀርጾበት የመጣ። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ፣ አፎቱ የአገር ቆዳ፣ ስለቱ የዞሊንገን። ባለቤቱ ይህን አይደብቅም ነበር፤ ለሹመቱም ለጀግንነቱም ምስክር አድርጎ ታጠቀው። ጋሻውም እንዲሁ ነው፤ ጥይት እንደማይመልስ እያወቁ በብር አስለብጠው ያስያዙት የማዕረጉ ወረቀት ስለሆነ ነው። ባህል ከውጭ የመጣውን ሲያስገባ አይደማም፤ የሚደማው እኛ ንጹሕ ነበር ብለን ስንከራከርለት ነው።

ቅዳሴውና ካርታው

አሁን ወደ ታቦቱ።

ምኒልክ በ1888 መስከረም የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ ጠላት አገር ሊያጠፋና ሃይማኖት ሊለውጥ መጣ የሚለው ሐሳብ ማዕከሉ ነበር። ጦሩ ሲንቀሳቀስ አቡነ ማቴዎስ፣ ካህናቱና የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት አብረው ወጡ።

ይህ ጦር ማን እንደነበረ እናስታውስ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ምኒልክ እምባቦ ላይ የተጋደሉት ከዚያ አሥራ አራት ዓመት በፊት፣ በ1874 ዓ.ም. ነው። ራስ መንገሻ ዮሐንስ ለምኒልክ የገቡት ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። እንዲህ ዓይነቱን ጦር ጠመንጃ አይሰበስበውም፤ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ወደ ፈለገው ሊያዞረው ይችላል። ቂም ያለባቸውን መሳፍንት በአንድ ሰፈር ያሳደረ ነገር መሐላና አንድ ቅዳሴ ላይ መቆም ነበር። ታቦቱ በሰፈሩ መሐል ሲያርፍ ማን በማን አጠገብ እንደሚሰፍር፣ ማን ማንን እንደሚያከብር ሥርዓት ይይዛል።

ካህኑ ግን መሣሪያ አይዝም። ፍትሐ ነገሥቱ ደም ያፈሰሰ ካህን ከክህነቱ እንደሚወድቅ ይደነግጋል። የእሱ ሥራ ማናዘዝ፣ ማቁረብ፣ የወደቀውን መቅበር ነው። «ቤተ ክርስቲያን ተዋጋች» የሚለውም «ቤተ ክርስቲያን ከጦርነት ምን አላት» የሚለውም ይህን መስመር ይዘሉታል። ያ ሕግ ከጦሩ ጋር የወጣውን ካህን ከተዋጊው የሚለይ ግልጽ ድንበር አስቀምጧል።

የካቲት 23 እሑድ ነበር። ኢጣሊያኖች ቅዳሜ ማታ ተነሥተው ሌሊቱን ሲጓዙ አደሩ። ባራቲዬሪ መጠበቅ ይሻል ነበር፤ የኢትዮጵያ ጦር ስንቁ ሊያልቅ መድረሱን ያውቃል። ሮም ያሉት ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ግን በቴሌግራም ወረፉት፣ የበታች ጄኔራሎቹም እንዋጋ አሉ። በኢትዮጵያ ሰፈር በብዙ ትረካ እንደሚነገረው ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ከመኳንንቱ ጋር ጎሕ ሳይቀድ ቅዳሴ ላይ ሳሉ የጠላት መምጣት ተነገራቸው። ምእመኑ እዚህ ላይ የሚያየው በረከት ነው። እኔ አንድ ሌላ ነገርም አያለሁ፤ ጠላት ተኝተው አገኛቸዋለሁ ብሎ ባሰበበት ሰዓት የጦሩ አዛዦች ነቅተው በአንድ ስፍራ ቆመዋል። ትእዛዝ ለማስተላለፍ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

ከዚያ የመጣው የቀኑ ትልቁ ስሕተት ነው። ጄኔራል አልበርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዟል። በኢጣሊያኖች ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈው ኮረብታና የአገሬው ሰው ኪዳነ ምሕረት የሚለው ግን አንድ አልነበሩም። አልበርቶኔ ካርታው ያሳየው ቦታ ደርሶ ቆመ፤ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ገና ወደፊት ነው አሉት፤ ቀጠለ፤ ሲነጋ ከሌሎቹ ብርጌዶች ኪሎ ሜትሮች ርቆ ብቻውን በኢትዮጵያ ጦር ፊት ተገኘ። እሱ ተማረከ። ሊደርሱለት የሞከሩት ጄኔራሎች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ አንድ በአንድ ተመትተው ሞቱ። ቀኑ ሳይመሽ 56ቱም መድፎች ተማርከው ነበር።

አማኙ «የእመቤታችን ኪዳን አሳታቸው» ይላል። የጦር ታሪክ ጸሐፊው «የቅየሳ ስሕተት» ይላል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም የሚያነሡት አንድ ኮረብታ ነው፤ አንዱ ሌላውን አልካደም። የሚጣሉት አማኙ ቅየሳውን ማወቅ አያስፈልገኝም ሲል፣ ወይም ጸሐፊው አገሬው ኮረብታውን በማን ስም እንደሚጠራ ምን ያገባኛል ሲል ብቻ ነው። ያን ቀን አገሬው ለኮረብታው የሰጠውን ስም አለማወቅ የአንድ ብርጌድ ዋጋ አስከፍሏል።

በሥዕሉ ውስጥ ያለና የሌለ

ከአድዋ በኋላ የተነሡ ሠዓሊዎች ጦርነቱን ደጋግመው ሣሉት። ከላይ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀስተ ደመና መሐል ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ጦሩን ወደ ጠላት ይሰብቃል። ከታች ምኒልክ ጥላ ተይዞላቸው፣ ጣይቱ በበቅሎ ወይም በፈረስ ሽጉጥ ይዘው፣ መድፈኞች ጎንበስ ብለው ይተኩሳሉ። በአንድ ወገን ካህናቱ አሉ። የእኛ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ያያሉ፤ ጠላት በአንድ ዓይን፣ በጎን ብቻ ይታያል፤ ይህ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ ልማድ ነው።

የእነዚህ ሥዕሎች ባለቤቶች «ወይስ» አላሉም። ቅዱሱን ሲሥሉ መድፉን አልደመሰሱም፤ እንዲያውም ጎማውንና ጭሱን በጥንቃቄ ቆጥረው ሠሩት። አድዋን ያዩ ወይም ካዩት የሰሙ ሰዎች ልጆች ያላሰቡትን ምርጫ ነው እኛ ዛሬ የምንጣላበት።

ሥዕሉ የማያሳየውም አለ። ከቅዱሱ ሥር የሚዋጋው ሁሉ ክርስቲያን አልነበረም። ማርያም ሸዊቶ ላይ የዳቦርሚዳን ብርጌድ ካሳደዱት መሐል የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኞች አሉ፤ ራስ ሚካኤል ራሳቸው በሙስሊምነት መሐመድ ዓሊ ተብለው ያደጉ፣ በአፄ ዮሐንስ ጊዜ የተጠመቁ ናቸው፤ ከተከተሏቸው ብዙዎቹ ግን እስልምናቸውን አልተዉም። በጠላት ወገን ደግሞ የኤርትራ ተወላጅ የሆኑ አስካሪዎች ነበሩ፤ ከነሱ መሐል በተዋሕዶ የተጠመቁ ሞልተዋል። የተማረኩት በጊዜው የከዳተኛ ቅጣት መሠረት ቀኝ እጅና ግራ እግር ተቆርጦባቸዋል። ድሉን የአንድ ሃይማኖት ገንዘብ ያደረገ ሰው ወሎዬውን ሙስሊም ያስወጣዋል፣ የተጠመቀውን አስካሪ ደግሞ ምን እንደሚለው ያጣል።

የሚመዘንና የማይመዘን

ክርክሩ አቻ ያልሆነበት ምክንያት በለንደን በግልጽ ይታያል። ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት አሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ ያህል በቅሎ እንደጫነው ተጽፏል። በብሪታኒያ ሙዚየም አሥራ አንድ ታቦታት አሉ፤ ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ እንዳያዩአቸው ተዘግቶባቸዋል፤ የሚያያቸው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህን ብቻ ነው። ከዚያው ዘረፋ የወጣ ጋሻ ግን በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኒውካስል ለጨረታ ቀርቦ ነበር፤ የኢትዮጵያ ተቃውሞ ሲበረታ ከጨረታው ወጣ።

አንድ ቀን የተዘረፉ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ጋሻው ይመዘናል፣ ይለካል፣ ዋጋ ይወጣለታል። ታቦቱ ካዩት ታቦትነቱን ያጣል፤ ሙዚየሙ ራሱ ይህን ተቀብሎ ቆልፎታል። በ1994 ዓ.ም. ከኤዲንበርግ አንድ ታቦት ሲመለስ የአዲስ አበባ ሰው በአውራ ጎዳና ወጥቶ የተቀበለው ምን እንደሚመስል ማንም ሳያይ ነው።

ስለዚህ ታቦትን «አስመስክርና እንየው» ብሎ እንደ ጠመንጃ መሞገት አይቻልም። ነገር ግን ታቦቱን ተከትለው ሰዎች ያደረጉትን ማየት ይቻላል፤ ማን ታረቀ፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ነቅቶ አደረ። ይህን መጠየቅ ክህደት አይደለም። ጊዮርጊስ ተዋጋ የሚለው ምስክርነት ተዋጊው ምን አምኖ እንደቆመ በርግጠኝነት ይነግረናል፤ የመድፉ ቁጥር ደግሞ ምን ማድረግ እንደሚችል። አንዱን ምስክር ለሌላው ጥያቄ ማቆም ነው ክርክሩን ማለቂያ የሚያሳጣው።

ሦስቱንም ወገኖች የሚፈትን አንድ ጉዳይ ልጨምር፤ መቀሌ። ኅዳር 28 አምባ አላጌ ላይ የኢጣሊያው አዛዥ ቶዜሊ ከወደቀ በኋላ የሜጀር ጋሊያኖ ጦር በእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ። የኢትዮጵያ ጦር መድፍ ተኮሰ፤ ምሽጉ አልተሰበረም። በጀግንነት በጦርና በጎራዴ ግንቡ ሥር ደረሰ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ታቦቱም ካህናቱም እዚያው ነበሩ። ምሽጉን ያስለቀቀው የእቴጌ ጣይቱ ምክር ነው፤ ምንጩን ያዙባቸው አሉ። የጠማው ጦር በጥር ወር እጁን ሰጠ። የመቀሌው ቁልፍ መሣሪያ ውኃ ነበር፤ ያሰበችውም ሽጉጥ ይዛ በሥዕል የምናያት ሴት ሳትሆን የሰፈሩን ውኃና ስንቅ ቀን በቀን የምትከታተል የቤት እመቤት ዓይን ያላት ንግሥት ናት።

ይህን የተረዳ ሰው «ጸሎት ወይስ ጠመንጃ» ሲባል ሦስተኛ መልስ ለመምረጥ አይቸኩልም፤ ጥያቄውን ይለውጠዋል። ጥይቱን ማን ከፈለ? ማን ተሸከመ? ቂመኞቹን ማን አስማማ? ውኃውን ማን አሰበ? እንዲህ ሲጠየቅ ከአዲስ አበባ እስከ አድዋ እህል ፈጭተው፣ ጋግረው፣ በቅሎ ጭነው የሄዱት ሴቶችና አሽከሮች፣ ወሎዬው ሙስሊም፣ ቡናውን የገበረው ገበሬ ወደ ታሪኩ ይገባሉ። በአደባባዩ ላይ የሚፎክረው ወጣትም ጋሻውን ይያዝ፤ ካህኑም ታቦቱን ያክብር፤ ቁጥር ወዳዱም ጠመንጃውን ይቁጠር። ድሉን ለራሱ ብቻ ይገባኛል የሚል ወገን ግን ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን መቶ ሺህ ሰው ያደረገውን ለአንድ ዕቃ ሰጥቷል።